ብሩሹን ለማን?

«ጥሪ አለኝ» ለሚለውም፣ «ጥሪ ብሎ ነገር የለም» ለሚለውም

ኪነ ጥበብ ለማን ናት? ጥያቄው በተማሪ ዘንድ አሮጌ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት «ጥበብ ለጥበብነቷ» እና «ጥበብ ለሕዝብ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተሰልፈው ሲሟገቱ ኖረዋል። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም፤ ከአዳራሽ ወጥቶ ሻይ ቤት ገባ እንጂ። አንደኛው ጎራ ሥዕሉን ነጭ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተመልካች ይጠብቃል። ሁለተኛው ጎራ በሕዝብ ስም እየማለ ሥዕሉን እዚያው ነጭ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና ተመልካች ይጠብቃል። እኛ ለሁለቱም አንድ ጥያቄ አለን። ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ግድግዳችሁ መምጣት የማይችለውስ? እሱ ከሕዝብ አይቆጠርም?

ይህን ያነሣነው ነገር ፍለጋ አይደለም። በመካከላችን መንገድ የጠፋባቸው አሉ። አንዷ ሥዕል ትወዳለች፣ ጸሎትም ትወዳለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ የምታውልበትን ሥራ ግን የሚያሳያት አላገኘችም። አንዱ ቀን ነርስነት ይማራል፣ ማታ ይሥላል፤ ጓደኞቹ «ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ ሁን» ይሉታል። የምረቃው ቀን ሲቃረብ ደግሞ ለሁላችንም የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ጥሪህን ተወውና እንጀራህን ፈልግ»። እኛ የምንለው ሌላ ነው። እነዚህን ነገሮች የሚያገናኝ ሥራ አለ። ስም አለው፣ ታሪክ አለው፤ ዕድሜያቸውን የሰጡት ሰዎች አሉ።

ሥራው ከሕመምተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማሣል ነው። መሣል አላልንም፤ ማሣል ነው ያልነው። (በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን ማለታችን ነው፤ በእሳቱ ሰ የሚጻፈውማ ለሕመምተኛው ሞልቶታል።) በውጭው ዓለም አርት ቴራፒ ይሉታል፤ እኛ በሥዕል ማከም እንበለው።

ሐሳቡን ገና ከአፋችን ስናወጣው አራት ተቃዋሚዎች ተነሡብን። ስም አንጠራም፤ እያንዳንዱ ራሱን ያውቃል። በየተራ እንመልስላቸው።

አንደኛው፦ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

«ዳቦ በቸገረበት አገር የቀለም ሕክምና!» ብሎ የሚሥቅብን ወንድማችን የአያቱን ሣጥን ከፍቶ ያየ አይመስለንም። ቢከፍት ኖሮ ምናልባት አንድ የተጠቀለለ ክታብ ያገኝ ነበር።

ክታብ እንዴት ይሠራል? ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል። ብራናውን እየቆረጠና እያያያዘ ይሰፋና በሕመምተኛው ቁመት ልክ ያደርገዋል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎቱን ይጽፋል፤ በጸሎቱ መካከል የሕመምተኛውን የክርስትና ስም ያስገባል። ከዚያ ይሥላል፦ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ውርዝልያን ሲወጋ፣ ደግሞም ዓይን፣ አፍጥጦ የሚያይ ትልልቅ ዓይን። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ተለብጦ በአንገት ይታሰራል። ሕመሙ ሲበረታ ተዘርግቶ ከመኝታው አጠገብ ይሰቀላል፤ ሕመምተኛው እንዲያየው። ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል።

ዝርዝሩን ልብ በሉልን። በሰው ቁመት ልክ የተሠራ ሥዕል! ከዛሬዎቹ ሠዓሊዎች መካከል ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ሥዕሉን የሚያየውን ሰው ቁመት የለካ ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ጠልሰሙን አልባረከችውም፤ እኛም ለአስማቱ ጥብቅና አልቆምንም። የምንለው ይኸን ብቻ ነው፤ በዚህ አገር ሕመም፣ ሥዕልና ጸሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። በጎረቤታችን በሱዳንም የቁርኣን አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጻፋል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ውኃው ለሕመምተኛው ይሰጣል። ቀለም ለታመመ ሰው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ አልመጣም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን በክታቡ የጎደለ ነገር አለ። ደብተራው ይሥላል፤ ሕመምተኛው ያያል። መቃው ከደብተራው እጅ አይወጣም። በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። ከ1512 እስከ 1516 እ.ኤ.አ. ገደማ ማቲያስ ግሩነቫልድ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ በኢዘንሃይም ለሚገኝ የቅዱስ እንጦንስ ገዳም ትልቅ የመሠዊያ ሥዕል ሣለ። የገዳሙ ወንድሞች በተበከለ እህል የሚመጣውን፣ እጅና እግር እንደ እሳት እያቃጠለ የሚበላውን በሽታ ያስታምሙ ነበር። በሽታውን ሕዝቡ «የእንጦንስ እሳት» ይለዋል። ግሩነቫልድ የተሰቀለውን ክርስቶስ ሲሥል ሥጋውን ሁሉ በቁስል ሸፈነው። ሕመምተኛው ቀና ሲል የራሱን ቁስል በጌታው ሥጋ ላይ ያያል። ሥዕሉ ዛሬ በፈረንሳይ፣ በኮልማር ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃልለውም። ሆኖም እዚያም ሠዓሊው ሣለ፣ ሕመምተኛው አየ።

ብሩሹ እጅ የለወጠው በቅርቡ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አድሪያን ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በሚድኸርስት ሳናቶሪየም ተኛ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ግንባር ሠዓሊ የነበረ ሰው ነው። ያን ጊዜ የነቀርሳ መድኃኒት ማለት አልጋና ንጹሕ አየር ነበር፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ሂል እንደተጋደመ በአጠገቡ ያለውን ዕቃ ሁሉ መሣል ጀመረ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ለሌሎቹ ሕሙማን፣ ቀጥሎም ከሁለተኛው ጦርነት ለመጡ ቁስለኞች ማቀበል ያዘ። በ1942 ለሥራው አርት ቴራፒ የሚል ስም አወጣለት፤ በ1945 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። ልብ አድርጉ፤ ስሙን ያወጣው ራሱ የታመመ ሰው ነው። ታዲያ ቅንጦቱ የቱ ላይ ነው?

ሁለተኛው፦ «ሕክምና የሐኪም ነው፤ ሥዕል ክኒን አይደለም»

ልክ ነው፤ አይደለም። የሂል እርሳስ የነቀርሳውን ባክቴሪያ አልገደለም። ወባ በቀለም አይድንም፤ የተሰበረ አጥንት በግጥም አይጠገንም። ይህን የሚክድ ካለ ከእኛ ወገን አይደለም።

ነገር ግን ክኒን ለመዋጥ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ለዙር ሲመጣ አልጋው አጠገብ የሚቆየው ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀን ሕመምተኛው ምን ይሥራበት? ጣሪያ ይቁጠር? በተለይ አእምሮው የታመመ ሰው፣ ወራቱን ሙሉ በአንድ ግቢ የሚዞር ሰው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ለማን አስረክቦ ይኑር?

የሐኪም ቃል ካልሆነ አልሰማም ለሚለው ሐኪም እንጥራለት። ኒሴ ዳ ሲልቬይራ ብራዚላዊት የአእምሮ ሐኪም ናት። በ1936 እ.ኤ.አ. የማርክስ መጻሕፍት ተገኙብሽ ተብላ ታሠረች። ወደ መንግሥት ሥራ የተመለሰችው በ1944 ነው፤ በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ በኤንዤኙ ደ ዴንትሩ ሆስፒታል። በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕክምና አዲስ ነገር የሚባለው በኤሌክትሪክ ማንዘፍዘፍ፣ በኢንሱሊን ራስ ማሳት እና አንጎልን በቀዶ መቁረጥ፣ ማለትም ሎቦቶሚ፣ ነበር። ኒሴ እንቢ አለች። እንቢ ላለ ሐኪም የሚሰጠው ቦታ ማንም የማይፈልገው ነው፤ ለእሷም የደረሳት የሥራ ሕክምና ክፍሉ ነበር። እሷ ግን በ1946 እዚያው ቀለምና ሸራ አስገብታ የሥዕል አውደ ሥራ ከፈተች። ከሕሙማኑ እጅ የወጣው ሥራ ስለበዛ በ1952 ለእሱ የሚሆን ሙዚየም አቋቋመች። በ1957 ሥዕሎቹ በዙሪክ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የአእምሮ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ታዩ፤ ዐውደ ርእዩን የከፈተው ካርል ዩንግ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን እንይ። የሎቦቶሚ ፈልሳፊ ኤጋስ ሞኒዝ በ1949 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ዛሬ ያን ቀዶ ሕክምና የሚመኝ ሆስፒታል የለም። ስለዚህ «ሕክምና የሐኪም ነው» የምትለው ወንድማችን ሆይ፣ የትኛው ሐኪም? አንጎል የቆረጠው ወይስ ብሩሽ ያቀበለችው? ሁለቱም ካባ ለብሰው ነበር።

ሦስተኛው፦ «ጠበል እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?»

ይህ ከሁሉም የቀረበን ተቃዋሚ ነው፤ ከእኛ ጋር ይጾማል፣ ከእኛ ጋር ያስቀድሳል። ስለዚህ በእርጋታ እንመልስለት።

ወንድማችን፣ ቅዱስ ሉቃስን ታውቀዋለህ። ሐኪም እንደነበር ጳውሎስ በመልእክቱ መስክሮለታል። የእመቤታችንን ሥዕል የሣለ እሱ ነው ተብሎ ደግሞ በትውፊት ሲነገር ሰምተሃል። ወንጌላዊ፣ ሐኪምና ሠዓሊ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጣሉ ከኖሩ፣ አንተ የምታጣላቸው ለምንድን ነው? በኦሪት ዘፀአትም ድንኳኑን እንዲሠራ የተመረጠው ባስልኤል የተሞላው መንፈስ የእጅ ሥራ መንፈስ ነበር፤ ወርቅ የማንጠር፣ ዕንቍ የመቅረጽ፣ እንጨት የመጥረብ። መንፈስ በእጅ ሥራ ውስጥም እንደሚገባ የነገረን የአንተው መጽሐፍ ነው።

ነገሩን አንድ ደረጃ ከፍ እናድርገው። ሰው በአርአያው ተፈጠረ ትላለህ። አርአያነቱ በምን ይገለጣል? ፈጣሪ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚታየው ሲፈጥር ነው። እንግዲያስ ሰው መልኩን የሚመስለው ሲሠራ፣ ሲያበጅ፣ ያልነበረውን ሲያመጣ ነው ብንል ምን አጠፋን? ታዲያ ሰው ሲታመም ይህ ነገር ከእሱ ይወሰዳል? አይወሰድም ካልክ ለሕመምተኛው የሚሠራበትን አቀብለው! ምጽዋት ስጠው አላልንህም፤ የራሱን ድርሻ አትከልክለው ነው ያልንህ።

እኛ ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሰውየው ሆስፒታል ሲገባ ልብሱን እንቀበለዋለን፣ ጫማውን እናስቀምጥለታለን፣ ስሙን ትተን «አልጋ ቁጥር ሰባት» እንለዋለን። የአእምሮ ሕመም ከሆነማ ከነዘመዶቹ ነው የምንሰድበው። ለብዙ ዘመን በአገራችን ብቸኛ የነበረው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አማኑኤል ይባላል። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃን ያውቀዋል። ካፌ ውስጥ ግን ሰው ሐሳቡ ካልጣመን «ይኸ ሰውዬ አማኑኤል ሊገባ ነው» ብለን እንሥቃለን። የጌታን ስም ስድብ ያደረግን እኛ ነን፤ ጠበል የሚያሻው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይታወቅልን። ጠበሉን ለክኒኑ፣ ክኒኑን ለሥዕሉ አንለውጥም። ሕመምተኛውን «መድኃኒትህን ጣልና ሣል» የሚል ሠዓሊ ካጋጠማችሁ ብሩሹን ቀሙት። «መድኃኒትህን ጣልና ጸልይ» የሚለውንም እንዲሁ ተዉ በሉት።

አራተኛው፦ «ጥሪ የሚባል ነገር የለም፤ ስሜት ነው»

ይህኛው ጓዳችን መጻሕፍት አብዝቶ ያነበበ ነው። «እምነት ያለው ሰው የሚወደውን ሥራ ሲያገኝ ጥሪ ይለዋል፤ ሳይወደው ሲቀር ፈተና ይለዋል» ይለናል። አነጋገሩ ያሥቃል፤ ግማሹም እውነት ነው። በየጉባኤው «ጥሪ ተሰማኝ» ብሎ አልቅሶ በሳምንቱ የረሳውን ስንቱን አይተናል!

ስለዚህ ጥሪን በእንባ አንለካው፤ በመመለስ እንለካው። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተወሰንን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ ሆስፒታል እንሄድ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አንጽፍም፤ ሕሙማኑ ጎረቤት አላቸው። የያዝነው አንድ ፊቱ የተጻፈበት ወረቀት፣ ከቡና ምድጃ የተለቀመ ከሰልና ሁለት ፓኮ ባለ ቀለም እርሳስ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሆነን ሄድን። በአራተኛው ቅዳሜ አራት ቀረን። ሰባቱን አንወቅሳቸውም፤ ፈተናም ነበር፣ ልብስ ማጠብም ነበር። ግን ስሜቱ የት ላይ እንዳለቀና ሌላው ነገር የት ላይ እንደጀመረ በዓይናችን አይተናል።

ያ ሌላው ነገር ምን ይመስላል? አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እርሳሱን በእጇ ጨብጣ ግድግዳውን ደግፋ ተቀመጠች፤ ስንሄድ መልሳ ታስረክበናለች። በአራተኛው ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር አሰመረች። «መንገድ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። በአምስተኛው ያንኑ ወረቀት አምጡልኝ ብላ በመስመሩ ግራ ጫፍ ትንሽ ቤት አስቀመጠች። ይኸው ነው። ዳነች አላልንም። መንገዱ ግን መድረሻ አገኘ።

ደግሞ አንድ ግንበኛ የነበሩ አዛውንት አሉ። «እኔ ሕፃን ነኝ ወይ የምሥለው!» ብለው ወረቀቱን ገፉት። ከብዙ ዝምታ በኋላ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር በጣታቸው አሳዩንና «ይኸ ቤት መሠረት የለውም፤ ይወድቃል» አሉ። «አባባ፣ የሚቆመው ምን ዓይነት ነው? እስቲ ያሳዩን» አልናቸው። ከሰሉን ተቀበሉ። መሠረቱን ቆፈሩ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ደረደሩ፣ የማዕዘኑን ድንጋይ አጠቆሩት። «ልጄ፣ ይኸን ካጠበቅህ ሌላው ራሱ ይቆማል» አሉን። ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ሁሉም ሰው እሳቸውን ያዛል፤ ተኙ፣ ተነሡ፣ ዋጡ። ያን ቀን ግን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ እኛ ተማርን።

ጓዳችን «ይህስ ስሜት አይደለም ወይ?» ይለን ይሆናል። እሺ፣ ከእኛ የጸና ምስክር እንጥራ። ኤድዋርድ አዳምሰን የሚባል ሠዓሊ በ1946 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በነዘርን የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። እዚያ አንድ ሕመምተኛ በተቃጠለ ክብሪት ጥላሸት በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። ሰው ቀለም ሲከለከል የሚያደርገውን ተመልከቱ! አዳምሰን ክፍል ከፈተላቸው፤ ወረቀት፣ ቀለምና ወንበር አዘጋጀላቸው፤ ከዚያ በሥዕላቸው ውስጥ ጣልቃ ሳይገባ ዝም ብሎ አብሮ ተቀመጠ። ስንት ዓመት? ሠላሳ አምስት። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚቆይ ስሜት ካለ ጓዳችን ያሳየን፤ እኛም ቃላችንን እናነሣለን።

ሌላም አለች፤ ስሟን ስንጽፍ ብዕራችን ይከብዳል። ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ በ1898 እ.ኤ.አ. በቪየና የተወለደች፣ በጀርመን በባውሃውስ ትምህርት ቤት የተማረች አይሁዳዊት ሠዓሊ ናት። በታኅሣሥ 1942 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ቼክ ውስጥ ወዳለው የቴሬዚን ማጎሪያ ወሰዷት። እዚያ ለሕፃናት ሥዕል አስተማረች፤ ወረቀቱ የቢሮ ቅጽ ጀርባና የዕቃ መጠቅለያ ነበር። ሕፃናቱ በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር፤ ሰው ቁጥር በሆነበት ቦታ! በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች። የልጆቹ ሥዕሎች፣ ወደ 4,500 የሚጠጉ፣ በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ። ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ተማሪዋ የነበረችው ኢዲት ክሬመር ግን በ1938 ወደ ኒው ዮርክ ሸሽታ ነበርና፣ ከፍሪድል የተማረችውን ይዛ በአሜሪካ በሥዕል የማከምን ሙያ ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

ፍሪድል ሥዕሉ ልጆቹን ከሞት እንደማያድን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ይህን እያወቀች ክፍሏን ከፈተች። እኛ ይህን ጥሪ እንለዋለን። ጓዳችን የተሻለ ቃል ካለው ይስጠን።

እንግዲህ ጥሪው ምንድን ነው?

አራቱን ከመለስን በኋላ የራሳችንን እንናገር። ከደብተራው መቃ እስከ አዳምሰን ወንበር ያለውን መንገድ ስናየው አንድ ነገር ይገለጥልናል፤ ጥሪው መሣል አይደለም፣ ብሩሹን ማቀበል ነው።

ይህ ደግሞ ለሠዓሊ ከሁሉም የከበደ ነገር ነው። የተማርነው መፈረም ነው። በወረቀቱ ታች ቀኝ ጥግ ስማችንን ለማኖር ነው እንቅልፍ ያጣነው። አሁን ደግሞ ቁጭ በል፣ ዝም በል፣ እጅህን ሰብስብ፣ ሌላው ይሣል፣ እሱ ይፈርም እንባላለን። የሠለጠነ እጅ ያለው ሰው የሌላውን የተንጋደደ መስመር እያየ አለማረሙ ቀላል ይመስላችኋል? እምነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እምነት ለእኛ ክንፍ ያለው ስሜት አይደለም። «ይህ ስጦታ የኔ አይደለም፤ በእጄ ያለፈ ነው» ብሎ መልቀቅ ነው። ስጦታውን የራሱ ያደረገ ሰው አያቀብልም፤ ያሳያል። የተቀበለው ግን ያቀብላል።

በእምነት የማይስማማን ጓድ ደግሞ በሌላ ቃል ይበለው፤ «ችሎታዬ ካስተማረኝ ሕዝብ የተበደርኩት ነው» ይበል። ስለ ቃሉ አንጣላም። ቅዳሜ ይምጣ እንጂ!

ለሚመጣ ደግሞ ሦስት ነገር እናስጠነቅቃለን።

ሀ) ጠንቋይ አንሁን። ሕመምተኛው ጥቁር ተጠቀመ ብሎ «አዝኗል»፣ ዛፉን ያለ ሥር ሣለ ብሎ «እናቱን አጥቷል» የሚል ተማሪ ከቡና ፍንጃል አንባቢ በምን ተሻለ? ጥቁሩ ከፓኮው የተረፈው ብቸኛ እርሳስ ሊሆን ይችላል። ጠይቁት፤ ካልነገራችሁ ተዉት። ትርጓሜው ሙያ ነው፤ በሌላው ዓለም ሰው ዓመታት ተምሮና በአስተማሪ ሥር ሠርቶ የሚያገኘው። እኛ ገና ወረቀት አቀባዮች ነን፤ ወረቀት አቀባይም መሆን ክብር ነው። ከመካከላችን ሙያውን እስከ መጨረሻው ተምሮ የሚመጣ እንዲገኝ ግን እንመኛለን፤ ይህንን የምንጽፈውም ለእሱና ለእሷ ነው።

ለ) ነጋዴ አንሁን። ሥዕሉ የሣለው ሰው ነው። ሳይጠየቅ አይሰቀልም፣ ፎቶ አይነሣም፣ በየስልኩ አይዞርም። የታመመን ሰው ሥዕል ሰቅሎ ጭብጨባ የሚቀበል ሰው ከላይ የነቀፍነውን ነጭ ግድግዳ በሌላ በር አስገባው ማለት ነው።

ሐ) እንግዳ አንሁን። በበዓል ቀን ብርቱካን ይዞ ገብቶ ፎቶ ተነሥቶ የሚወጣ ሞልቷል። ስምንት ሰዓት ካልን ስምንት ሰዓት ነው። ያቺ ሴት እርሳሱን ጨብጣ የተቀመጠችባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ባዶ አልነበሩም፤ እንመለስ እንደሆነ እየተመለከተች ነበር ብለን እናምናለን። በሦስተኛው ብንቀር ኖሮ መስመሩ አይሠመርም ነበር።

ወገኖቻችን! ጥበብ ለጥበብነቷ የምትሉ፣ የጥበብ ውበቷ የሚታየው በሰው እጅ ስትፈጠር አይደለም ወይ? እዚያ አልጋ ላይ እየተፈጠረች ነውና መጥታችሁ እዩአት። ጥበብ ለሕዝብ የምትሉ፣ ሕዝቡ በሰልፍ ላይ ብቻ አይደለም ያለው፤ በዋርድ ውስጥም ተኝቷል፤ ብሩሹን ለራሱ ስጡት። የምታምኑ፣ አርአያው ያለበትን ሰው በቁጥር አትጥሩት። የማታምኑ፣ ከእኛ ጋር ተከራከሩ፤ ክርክሩን ግን መንገድ ላይ እያወጋን እንጨርሰው፤ ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም።

መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን፤ ስድቡንም ጭምር እናትማለን። ወረቀት ያለው ወረቀት፣ ከሰል ያለው ከሰል ይዞ ይምጣ። ቅዳሜ በሰባት ሰዓት ተኩል ከዋናው በር እንነሣለን፤ አርፍዶ የሚመጣን አንጠብቅም፤ የሚጠብቁን አሉና።